ሊፈታ የተሠራ ማሽን

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ብዙ ሰው ቁም ነገር ይገኝበታል ብሎ በማያስበው ዕቃ ላይ ያተኩራል፤ በአሮጌ ቫኪዩም ክሊነር ላይ። በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎችም አገሮች ሌላው ሰው አውጥቶ የጣለውን የአቧራ መሳቢያ ማሽን ካገለገሉ ዕቃዎች ገበያ፣ ከሟች ቤት ጨረታ፣ ከምድር ቤት ጥግ እየለቀሙ የሚያሰባስቡ፣ ፈትተው፣ አጽድተውና ጠግነው እንደገና የሚያስነሱ ሰዎች አሉ። በሚዙሪ ግዛት ሴንት ጄምስ በምትባል ትንሽ ከተማ ለዚህ ማሽን ታሪክ ራሱን የቻለ ሙዚየም ተከፍቶለታል። ነገሩን ከውጭ ለሚያየው ሰው ጊዜ የተረፋቸው ሰዎች ጨዋታ ይመስለዋል። እኔ ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ግን ሌላ ነው። እነዚህ ሰብሳቢዎች በእጃቸው የያዙት ማስረጃ ነው፤ የሚመሰክረውም የአንድ የቤት ዕቃ ዕድሜ የሚወሰነው ተጠቃሚው ቤት ሳይሆን ገና ሲነደፍ፣ መሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ መሆኑን ነው። ማስረጃው የሚናገረው ደግሞ ማሽኑ ሲፈታና ሲጠገን እንጂ መደርደሪያ ላይ ተወልውሎ ሲቀመጥ አይደለም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ታሪኩን በአጭሩ እንየው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሂዩበርት ሴሲል ቡዝ በ1901 ለንደን ውስጥ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ማሽን ቤት ውስጥ የሚገባ አልነበረም። ፈረስ እየጎተተው ደጃፍ ላይ ይቆማል፤ ሞተሩ መንገድ ላይ ሆኖ ይሠራል፤ ረጃጅም ቱቦዎች ደግሞ በመስኮት ወደ ውስጥ ይዘረጋሉ። በ1902 ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል የዌስትሚንስተር አቤይን ምንጣፎች ያጸዳው ይኸው ነው። ማሽኑን አሳንሶ ለአንድ ሰው እጅ ያበቃው ግን መሐንዲስ ሳይሆን በኦሃዮ ግዛት በካንተን ከተማ በአንድ ትልቅ መደብር የጽዳት ሥራ ይሠራ የነበረው ጄምስ መሪ ስፓንግለር ነው። ስፓንግለር አስም ነበረበት፤ ምንጣፍ ሲጠርግ የሚነሳው አቧራ ትንፋሽ ያሳጣው ነበር። የማራገቢያ ሞተር፣ የመጥረጊያ እንጨትና የትራስ ልብስ አጋጥሞ ማሽኑን ሠራ፤ በ1908ም የፈጠራ መብቱን አገኘ። ማሽኑን ተጠቅመው የወደዱት ሱዛን ሁቨር ናቸው፤ ባለቤታቸው ዊልያም ሁቨር ደግሞ የፈረስ ዕቃና ሌላም የቆዳ ውጤት የሚያመርቱ ነጋዴ ነበሩ። መኪና ፈረስን እየተካ በነበረበት በዚያ ዘመን መብቱን ገዝተው በዚያው ዓመት ማምረት ጀመሩ።

ከዚህ ታሪክ ለክርክሬ የሚጠቅመኝ የአሻሻጡ ነገር ነው። የመጀመሪያው የሁቨር ማሽን በ60 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ለዘመኑ ሠራተኛ የብዙ ሳምንት ደመወዝ ማለት ነው። ሰው እንዲህ ያለውን ገንዘብ ለማያውቀው ዕቃ አውጥቶ እንዲሰጥ ለማግባባት ኩባንያው በመጽሔት ማስታወቂያ ለ10 ቀን በነጻ ሞክሩት አለ፤ ማሽኑም የሚደርሰው በየአካባቢው ባለ ነጋዴ በኩል ሆነ። እየቆየ ሻጩ በየቤቱ እያንኳኳ የሚሸጥበት ልማድ ተስፋፋ። እንግዲህ አስቡት፤ በየደጃፉ የሚያንኳኳ ሻጭ የሸጠው ዕቃ በሁለተኛው ዓመት ቢበላሽ ወደዚያ ሰፈር በምን ፊቱ ይመለሳል? ማሽኑ በቀላሉ ተከፍቶ በቀላሉ መታደሱ የኩባንያው ቸርነት አልነበረም፤ ገበያው ራሱ ያስገደደው የንድፍ ውሳኔ ነበር።

አሁን ወደ ማሽኑ ውስጥ እንግባ፤ ማስረጃው ያለው እዚያ ነው። የእነዚህ ማሽኖች ሞተር በተለዋዋጭም ሆነ በቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚሠራ ዓይነት ነው። መሐሉ ላይ የመዳብ ሽቦ የተጠቀለለበት ተሽከርካሪ አለ፤ በአንደኛው ጫፉ ላይ በቀጫጭን የመዳብ ሰሌዳዎች የተሠራ፣ ኮሙቴተር የሚባል ክብ ክፍል አለ። ኤሌክትሪኩ ወደዚህ ተሽከርካሪ የሚገባው በሁለት ትንንሽ የካርቦን ቁራጮች በኩል ነው፤ በስፕሪንግ ተገፍተው ከሚሽከረከረው መዳብ ጋር ያለማቋረጥ ይፋተጋሉ። በየደቂቃው ብዙ ሺህ ጊዜ እየዞሩ ከሚፋተጉ ሁለት ነገሮች አንዱ ማለቁ የማይቀር ነው። ነዳፊው ይህን ስለሚያውቅ የሚያልቀውን መረጠ፤ ካርቦኑ ከመዳቡ ለስላሳ እንዲሆንና ቀድሞ እንዲያልቅ አደረገ፣ ልክ የመኪና የፍሬን ሸራ ብረቱን ለማዳን ራሱ እንደሚያልቀው ማለት ነው። ርካሹ አልቆ ውዱ ይተርፋል። በብዙዎቹ የድሮ ማሽኖች ደግሞ ካርቦኑ የሚቀመጥበት ቀዳዳ ከሞተሩ ውጭ በምትዞር ክዳን ብቻ የተዘጋ ነው። ካቻቢቴ ይዞ ክዳኗን ማዞር፣ አሮጌውን ካርቦን አውጥቶ አዲሱን መክተት፣ መልሶ መዝጋት፤ ሞተሩ ራሱ ሳይፈታ ሥራው ያልቃል።

ይኸው አስተሳሰብ በሌላውም ክፍል ላይ ይታያል። ቆሞ በሚገፋው ዓይነት ማሽን ብሩሹን የሚያዞረው የጎማ ቺንጋ ነው፤ ቺንጋው ሲላላ ወይም ሲበጠስ ያለ ምንም መሣሪያ በእጅ ይቀየራል። ሁቨር በ1926 ያወጣው ሞዴል 700 ምንጣፉን እየደበደበ አሸዋውን ከሥር የሚያስነሳ ብረት የተገጠመበት ብሩሽ ነበረው፤ የብሩሹ ጸጉር ሲያልቅ ጸጉሩ ብቻ እንጂ ሙሉው ዘንግ አይጣልም። የስዊድኑ ኤሌክትሮሉክስ በ1921 ያወጣው ሞዴል 5 ደግሞ ሌላ መንገድ ተከተለ። ማሽኑን እንደ በረዶ መንሸራተቻ ባለ እግር ላይ አጋድሞ ወለል ላይ እየተጎተተ እንዲሄድ አደረገው፤ አየሩም መጀመሪያ በከረጢቱ ውስጥ አልፎ፣ ቆሻሻውን እዚያ ትቶ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሞተሩ ይደርሳል። የሁለቱ ልዩነት ለጠጋኝ ትልቅ ትርጉም አለው። በቆመው ዓይነት ቆሻሻው ወደ ከረጢቱ የሚደርሰው በማራገቢያው መሐል አልፎ ስለሆነ፣ አንድ ሳንቲም ወይም ቡሎን ከተሳበ የማራገቢያውን ክንፍ ይሰብራል፤ ክንፉ ከተሰበረ ደግሞ ሚዛኑ ይዛባና ኩሽኔታውን ይበላዋል። በሚጎተተው ዓይነት ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በሚሳበው አየር ስለሆነ ከረጢቱ ሞልቶ ሲዘጋ ሞተሩ ይግላል። ስለዚህ አሮጌ ማሽን ሲገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ የየትኛው ኩባንያ ነው የሚለው ሳይሆን አየሩ በየት በኩል ያልፋል የሚለው ነው። የማሽኑን ሕመም የሚናገረው ይህ ነው።

የጥገናውን ሥርዓት ደግሞ ጥቂት ላብራራው፤ ብዙ ጥሩ ማሽን የሚሞተው ከተገኘ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት ነውና። አሮጌ ማሽን እንደተገዛ ሶኬት ላይ መሰካት የለበትም። በቅድሚያ ገመዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ ይዳሰሳል፤ የድሮ ጎማ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ሲታጠፍ ይፈረፈራል። እንዲህ ከሆነ በላስቲክ መጠቅለል ሳይሆን ሙሉ በሙሉ መቀየር ነው ያለበት። ቀጥሎ ተሽከርካሪው በእጅ ይዞራል። ያለ ድምፅ ከዞረ ደህና፤ ካንገራገረ ኩሽኔታው ግራሶ ደርቆበታል ወይም አልቋል። ከዚያ ካርቦኖቹ ይወጣሉ፤ ካጠሩ ይቀየራሉ፤ ካላጠሩ በነበሩበት አቅጣጫና ቦታ ይመለሳሉ፤ ፊታቸው ከመዳቡ ቅርጽ ጋር ተስማምቶ ስላለቀ ቢገለበጡ ብልጭታ ያወጣሉ። መዳቡ ላይ የተጋገረው ጥቁር ነገር በጣም በለሰለሰ ብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል፤ በሰሌዳዎቹ መካከል የገባው የካርቦን ዱቄትም ይጠረጋል። በመጨረሻ በቴስተር ከሽቦዎቹ ወደ ማሽኑ አካል የሚያመልጥ ኮረንቲ መኖር አለመኖሩ ይለካል። የሬዲዮ ጣልቃ ገብነትን ለመቀነስ የተገጠመ አሮጌ ካፓሲተር ካለም ቢሠራም ባይሠራም ይቀየራል፤ ሲያረጅ የሚፈነዳና የሚጨስ ዕቃ ነውና። ይህን የሬዲዮ ዝግጅት ኢትዮጵያ ውስጥ ለምትከታተሉ አንድ ነገር ልጨምር። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። ሞተሩ ለፍሪክዌንሲው ልዩነት ግድ የለውም፤ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ከተሰካ ግን ከመጠን በላይ ፈጥኖ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። አቅሙን የሚሸከም ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል።

እስካሁን የተናገርኩትን የሰማ አስተዋይ አድማጭ አንድ ከባድ ተቃውሞ ሊያነሳ ይችላል። ዛሬ የምታዩት የተረፈውን ብቻ ነው፤ በዚያ ዘመን የተሠራው ደካማ ማሽን ሁሉ ድሮ ተጥሎ ቀልጧል፣ ስለዚህ የድሮ ዕቃ ጠንካራ ነበር ማለት በሕይወት የተረፉ አዛውንቶችን ብቻ አይቶ ጥንት ሰው አይታመምም ነበር እንደማለት ነው ሊለኝ ይችላል። ተቃውሞው እውነት አለው፤ ብዙ የድሮ ዕቃ ወዳጆች የሚሰናከሉትም እዚህ ላይ ነው። እኔ ግን ክርክሬን የገነባሁት በተረፉት ብዛት አይደለም። ስንት ማሽን እንደተረፈ ቆጥሮ ስለ ጥንካሬ መደምደም አይቻልም፤ የአሠራሩን ሁኔታ መርምሮ ግን ስለ ሐሳቡ መናገር ይቻላል። ሞተሩ የተቃጠለ፣ መቼም የማይነሳ የ1930ዎቹ ማሽን እንኳ ሲከፈት በቡሎን የተያያዘ፣ ካርቦኑ ከውጭ የሚደረስበት፣ ኩሽኔታው ተነቅሎ የሚተካ መሆኑን ያሳያል። በሙጫ የተጣበቀና በፕላስቲክ ጥርስ የተቆለፈ አካል፣ ካርቦኑን ለመቀየር መሰበር ያለበት ሞተር ደግሞ ዛሬ ገና ቢሠራም የተቃራኒውን ሐሳብ ያሳያል። የሞተውም ማሽን ይመሰክራል፤ ምስክርነቱን የሚሰጠው ግን ለሚፈታው ሰው ብቻ ነው። ለዚህ ነው ጥገናን ከማሰባሰብ መነጠል አይገባም የምለው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዋጋ ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚከበረው ይህ ነው። ዕቃው ያኔ ጠንካራ የሆነው ውድ ስለነበረ ነው፤ ዛሬ ግን በትንሽ ገንዘብ ማንም ሰው ቤቱን ከአቧራ ያጸዳል፤ ይህ ለድሃ ቤተሰብ፣ በተለይም የጽዳቱ ሸክም ለሚወድቅባት ሴት ትልቅ እፎይታ ነው የሚል ነው። አዎን፣ እፎይታ ነው፤ ይህን የሚክድ ሰው በ1908 60 ዶላር ማን ኪስ ውስጥ እንደነበረ መጠየቅ አለበት። ነገር ግን ርካሽ መሆንና የማይጠገን መሆን የግድ አብረው የሚሄዱ አይደሉም። በእንግሊዝ ሶመርሴት፣ ቻርድ በተባለች ከተማ የሚሠራውና ፊት የተሳለበት፣ ሄንሪ የተባለው ቀይ ቫኪዩም ክሊነር ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ መሠረታዊ ንድፉ ብዙም ሳይለወጥ ይመረታል። ቅንጡ ዕቃ አይደለም፤ የጽዳት ሠራተኞች፣ ግንበኞችና ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት ነው። ክዳኑ ይከፈታል፣ ሞተሩ ይወጣል፣ ገመዱ ይቀየራል፣ መለዋወጫው በቀላሉ ይገኛል። የቡሎን ዋጋ ከሙጫ ዋጋ ያን ያህል የሚርቅ አይደለም። ልዩነቱን የሚያመጣው መለዋወጫ እየሠሩ ለዓመታት መጋዘን ውስጥ ለማስቀመጥ ያለው ፈቃደኝነት ነው፤ እሱ ደግሞ የንግድ ውሳኔ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

የጤናና የአደጋ ተቃውሞን በተመለከተ መሟገት ሳይሆን መስማማት ነው የሚሻለው። የድሮ ማሽን የጨርቅ ከረጢት ትልቁን ቆሻሻ ይይዝና ደቃቁን አቧራ መልሶ ወደ ክፍሉ ይነፋዋል። የዛሬው ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ በአሜሪካው መለኪያ 0.3 ማይክሮሜትር ከሚያክል ብናኝ 99.97 በመቶውን መያዝ አለበት፤ በ1930ዎቹ የነበረ ጨርቅ ወደዚህ አይጠጋም። አስም ያለበት ሰው ወይም ትንሽ ልጅ በሚኖርበት ቤት አሮጌ ማሽን እንዳለ ማስነሳት አይገባም፤ የስፓንግለርን ታሪክ ለሚያውቅ ይህ ልዩ ትርጉም ያለው ነገር ነው። ለብዙዎቹ ሞዴሎች ግን በጨርቁ ውስጥ የሚገባ ዘመናዊ ከረጢት ማግኘት ወይም መስፋት ይቻላል፤ ይህም ነገሩን በእጅጉ ያሻሽላል። አካላቸው ብረት የሆነና ገመዳቸው ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው ማሽኖችም አደገኛ ናቸው። ውስጣዊ ሽቦ ቢላላ አካሉ ኮረንቲ ይይዛል፤ ወደ መሬት የሚያወርደው ሦስተኛ ሽቦ ስለሌለ ሰውን ይመታል። እንዲህ ያለውን ማሽን ሙያውን በሚያውቅ ሰው ሦስት ሽቦ ባለው ገመድ አስቀይሮ አካሉን ከግራውንድ ጋር ማገናኘት ነው።

ኤሌክትሪክ ይበላል የሚለው ወቀሳ ግን አያስኬድም፤ እንዲያውም ማስረጃው ወደ ሌላኛው ወገን ያጋድላል። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የተሠሩት ብዙዎቹ ቆመው የሚገፉ ማሽኖች የሚወስዱት ጥቂት መቶ ዋት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ኩባንያዎች በካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር ለመጻፍ ሲሽቀዳደሙ 2000 ዋት የሚያልፍ ማሽን ገበያውን ሞላው፤ ገዢውም የዋቱን ቁጥር የመሳብ ኃይል መለኪያ አድርጎ ወሰደው። የሚለካው ግን ከግድግዳው የሚገባውን እንጂ ከምንጣፉ የሚወጣውን አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ከመስከረም 2014 ጀምሮ ከ1600 ዋት፣ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ ከ900 ዋት በላይ የሆነ የቤት ማሽን ወደ ገበያው እንዳይገባ ከለከለ። ሕጉ ብዙ ጩኸት አስነሳ፤ የአያቶቻቸው ማሽን ከዚያ ባነሰ ኃይል ምንጣፍ ሲደበድብ እንደኖረ ያስታወሰ ግን ጥቂት ነበር። በ1926 የተገጠመው ብረት ሥራውን የሚሠራው በመምታት እንጂ በጉልበት በመሳብ ብቻ አልነበረምና።

ይኸው ሕግ ስለ ዕድሜም አንድ ነገር ተናግሯል። ከ2017 ጀምሮ የማሽኑ ሞተር ቢያንስ 500 ሰዓት መሥራት አለበት፤ ቱቦውም 40,000 ጊዜ ታጥፎ ተዘርግቶ መቋቋም አለበት አለ። 500 ሰዓት ምን ማለት ነው? በሳምንት አንድ ሰዓት ለሚጠርግ ቤተሰብ አሥር ዓመት የማይሞላ ዕድሜ ነው። ምንም ከማይጠይቅ ሕግ ይሻላል፤ ነገር ግን ሞተርን የሚቆጥረው አልቆ እንደሚጣል ነገር ነው። ካርቦኑ የሚቀየርለት ሞተር ዕድሜ በአንድ ቁጥር አይገለጽም፤ ካርቦኑ አልቆ ሲተካ መዳቡና ጥቅሉ ደህና እስከሆኑ ድረስ ሌላ ዙር ይጀምራል። ገመድ አልባዎቹ ደግሞ ጥያቄውን ይበልጥ አክብደውታል። የሊቲየም ባትሪያቸው ቢሠሩበትም ባይሠሩበትም በጥቂት ዓመት ይደክማል፤ ባትሪው በቀላሉ የማይተካ ከሆነ ደህና የሆነው ሞተር አብሮ ይጣላል። በ2022 ዓለማችን 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ እንዳመነጨችና በአግባቡ ተሰብስቦ ለዳግም ጥቅም መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ እንደሆነ የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ሪፖርት ያሳያል። በ2024 የአውሮፓ ኅብረት ያወጣው የመጠገን መብት መመሪያ ቫኪዩም ክሊነርን በስም ጠቅሶ ከሸፈናቸው ዕቃዎች መካከል አስገብቶታል፤ አባል አገሮችም እስከ ሐምሌ 31 ቀን 2026 በየሕጋቸው እንዲያካትቱት ጊዜ ሰጥቷል። ሕግ አውጪዎቹ ዛሬ በአንቀጽ ሊያስመልሱት የሚሞክሩትን ነገር ሰብሳቢው በካቻቢቴ ከፍቶ ሊያሳያቸው ይችላል።

የመጨረሻው ተቃውሞ የሚመጣው ከሰብሳቢዎቹ ከራሳቸው ነው። አሮጌ ማሽን በተጠገነ ቁጥር ታሪኩ ይጠፋል፤ የ1936ቱን፣ ሄንሪ ድሬፈስ የነደፈውን የሁቨር ሞዴል 150 ገመድ ከቀየርክ፣ ባክላይት የሚባለውን የድሮ ፕላስቲክ አካሉን ካሸህ፣ ካፓሲተሩን ከነቀልክ የያዝከው የ1936 ዕቃ አይደለም ይላሉ። በጣም ብርቅ ለሆነ፣ ሁለትና ሦስት ብቻ ለቀረ ማሽን ይህ ትክክል ነው፤ እንዲህ ያለው ሳይነካ ሙዚየም ይግባ። በብዙ ሺህ የተመረተውን ማሽን ግን የሚያልቅ ክፍሉን መቀየር ነዳፊው ራሱ ያዘዘው ነገር ነው፤ ከማሽኑ ጋር የሚሸጠው የአጠቃቀም መጽሐፍ ቺንጋው እንዴት እንደሚለወጥ በሥዕል ያስረዳ ነበር። የሚያልቀውና የማያልቀው ይለይ። ካርቦን፣ ቺንጋ፣ ግራሶ፣ ገመድና ካፓሲተር የሚያልቁ ናቸው፤ ያለ ጸጸት ይቀየሩ። አካሉ፣ ቀለሙ፣ የፋብሪካ ቁጥር የተመታበት ሰሌዳና የድሮ ባለቤት የጫረው ምልክት ግን አይነካ። የወጣው ክፍል ሁሉ በትንሽ ከረጢት ተደርጎ፣ መቼ እንደወጣና በምን እንደተተካ በወረቀት ተጽፎ፣ ከማሽኑ እጀታ ጋር ይታሰር፤ ከኋላ የሚመጣው ጠጋኝ የቱ የፋብሪካው፣ የቱ የተተካ እንደሆነ ሳይቸገር እንዲያውቅ።